የሶዶዋ ሻፐሮን

«እማዬ፣ ምነው ሻፐሮን ሆንሽብኝ?»

እትዬ ወርቅውሃ ያን ዕለት ልጃቸውን ማኅሌትን እስከ ባጃጁ ተከትለው መሸኘታቸው ነበር፤ ስድብ ትሁን ምርቃት ቃሏን አላወቋትም። በጎልማሶች ትምህርት ገና የአማርኛውን ፊደል ጨርሰው ቃል መገጣጠም ጀምረዋል፤ እንግሊዝኛማ ከየት ይመጣል! ያልገባቸውን ይዘው የሚያድሩ ሴት ግን አይደሉም። ማኅሌትን የሚወዳትን የእንግሊዝኛ መምህር መክብብን ጠየቁት።

መክብብ ስለ ቃል ሲጠየቅ መዘዙን አያስብም።

«ያረጀ ቃል ነው እትዬ። ድሮ በእንግሊዝ አገር ያላገባች ልጅ ከወንድ ጋር ስትወጣ አንድ ትልቅ ሴት አብራ ትሄድ ነበር። ሻፐሮን ይሏታል። ሁለቱን ብቻቸውን አትተዋቸውም።»

«የት ነው የምትቀመጠው?»

«እ… መሃላቸው ይመስለኛል።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ቃሉም ሥራውም ቀርቷል።»

«እንግሊዞች ትተውት ይሆናል» አሉ። «ሶዶ አልቀረም።»

ከዚያ ወዲያ ባጃጅ ውስጥ መሃል ተቀመጡ። ጭማቂ ቤት መሃል። አረካ ሲሄዱ ሚኒባሱ ውስጥም መሃል፣ የመንገዱን ማስታወቂያ ሁሉ ጮክ ብለው እያነበቡ። «ጎ… ማ… ጥ… ገና!» ማኅሌት ከእናቷ ትከሻ በላይ አሻግራ መክብብን ታየዋለች፤ እሱም ያያታል፤ ሳቃቸው ያመልጣቸዋል።

«ምን ያስቃችኋል? ጎማ ያስቃል?»

የእትዬ ወርቅውሃን ልብ የሚበላው ግን ሌላ ነበር። እንደ መክብብ ተመድቦ የመጣ ሰው ተዛውሮ ይሄዳል። የጎረቤታቸው የጥሩነሽ ልጅ እንዲህ ያለውን ስትጠብቅ ሦስተኛ ክረምቷን ይዛለች።

የፈሩት ደረሰ፤ መክብብ ሰኞ ወደ ቤሌ ከተማ ሊዛወር ሆነ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ጭማቂ ቤት ተቀመጡ። መክብብ ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ። ሁለቱንም ጊዜ እትዬ ወርቅውሃ ትኩር ብለው ሲያዩት የአቮካዶ ጭማቂውን ጎረሰበት። በመጨረሻ እጁን ዘረጋ።

«እትዬ፣ እስቲ ደብተርዎን። የንባብ መልመጃ ልጻፍልዎ።»

በትልልቅ ፊደል ጻፈ። እሳቸውም መነጽራቸውን ጠርገው እንደ ልማዳቸው ጮክ ብለው ጀመሩ።

«ማ… ኅ… ሌት… ቤሌ… ብቻዬን… መሄድ… አልፈልግም። ታ… ገ… ቢ… ኛ… ለሽ?»

የጭማቂ ቤቱ ባለቤት መፍጫውን አጠፋች።

«አዎ!» አለች ማኅሌት።

«ቆይ እንጂ፣ እኔ ገና አልገባኝም!» አሉና እንደገና ከላይ ጀመሩ። ሁለተኛው ዙር ላይ ድምፃቸው መሃል መንገድ ቀረ።

«ይኼ… ይኼ በሽማግሌ ነው የሚጠየቀው!»

«ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ይመጣሉ እትዬ። ግን እሷን ሳልጠይቅ እንዴት ልላክ?»

«እስከ ዛሬ አትጠይቃትም ነበር?»

መክብብና ማኅሌት በመሃላቸው ያለውን ወንበር አዩ። እትዬ ወርቅውሃም ወደ ታች የተቀመጡበትን አዩ። ደብተራቸውን ዘጉ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ወዴት ነው እማዬ?»

«ወደ ቤት። ጭማቂሽን ጨርሺ።»

ሻፐሮኗ ተነሥተው ሄዱ፤ ሁለቱ ቀሩ።