የአድሚራሉ የመጨረሻ ብርጭቆ

ከእንግሊዝ ባሕር ኃይል በጡረታ የተገለሉት ሪር አድሚራል ሬጂናልድ ሆልት፣ እሑድ ከምሳ በኋላ አሜሪካ፣ ፕሌኖ ከተማ ባለው ቤታቸው ሞተው ተገኙ። ከራሳቸው ኋላ የምድጃው ድንጋይ መትቷቸዋል። ምንጣፉ ላይ ወይን ፈስሷል።

መርማሪ ሆሳዕና ስትደርስ ባለቤታቸው አበዛሽ፣ ነርሳቸው ሐዊ እና የቤተሰቡ ወዳጅ አንዷለም እዚያው ነበሩ። አንዷለምን ቤተ ክርስቲያን ሁሉም «ኮማንደር» ይለዋል፤ በወጣትነቱ ከኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ተልኮ እንግሊዝ ተምሬአለሁ ባይ ነው።

«እንደ ባሕር ኃይል ደንባችን ብርጭቆ ይዘው ብድግ ብለው ‹ለንጉሡ!› አሉ» አላት። «እኔም ተነሣሁ። ከዚያ ተንገዳግደው ወደቁ።»

ሐዊን ለብቻዋ ጠየቀቻት።

«ስትገቢ ምን አየሽ?»

«ወንበሩ ከነእሳቸው ወደ ኋላ ተገልብጧል። እግራቸው ገና ወንበሩ ላይ ነው። ማለቴ፣ ሲፒአር ልሰጥ፣ ደረታቸውን ልጫን ብዬ እኔ ነኝ ያወረድኩት።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ኦኬ ነበሩ። ከእንግሊዝ የመጣ ደብዳቤ ሲከፍቱ ፊታቸው ተለወጠ። ‹ከአንዷለም ጋር ብቻችንን ተዉን› አሉ።»

ግድግዳው ላይ የሆልት ዘመን ተሰቅሏል፤ ካዴት፣ የፍሪጌት ጦር መርከብ አዛዥ፣ አድሚራል። በአንደኛው ፎቶ መኮንኖች ብርጭቆ አንሥተዋል። ሁሉም ተቀምጠዋል።

«የባሕር ኃይሉ መኮንኖች ለንጉሥ ሲጠጡ አይነሡም» አለች አበዛሽ። «የድሮ መርከብ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ደንብ ሆኖ ቀረ።»

«አንዷለም ይህን አይቶ አያውቅም?»

«ሬጂናልድ የቤተ ክርስቲያን ሰው ፊት ወይን አይነካም ነበር። ያከብራቸው ነበራ!»

ሆሳዕና ሦስቱንም ሰበሰበች።

«ቆሞ የወደቀ ሰው እግሩ ወንበር ላይ አይቀርም። አድሚራሉ ተቀምጠው ሳሉ ተገፍተዋል። እሳቸው እርስዎ ፊት ወይን ስለማይጠጡ፣ ለንጉሥ የጠጡ ለማስመሰል ወይኑን ያፈሰሱት እርስዎ ነዎት፣ አቶ አንዷለም። እንግሊዝ የተማረ መኮንን ደግሞ ‹ተነሡ› አይለኝም ነበር። ደብዳቤውን ይስጡኝ።»

እጁ ወደ ኮቱ ኪስ ሄደ። ከእንግሊዝ ባሕር ኃይል የመጣው ደብዳቤ በአንዷለም ስም እዚያ የተማረ ኢትዮጵያዊ የለም ይላል።

«ምፅዋ ወደብ ጭነት አውራጅ ነበርኩ» አለ። «‹ለቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ራስህ ንገር፣ አጠገብህ እቆማለሁ› አሉኝ። ልጆቼን ምን ልበል? ደብዳቤውን ስነጥቅ ገፋኋቸው።» ወደ አበዛሽ ዞረ። «ግን እሳቸውስ? ወዳጄ ናቸው ስል ከጀርባዬ ያስመረምሩኛል?»

አበዛሽ ወደ ግድግዳው ፎቶዎች ዞረች።

«እሱ መቼ ጠረጠረህ! ወደ እንግሊዝ በእሱ ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰባ ዓመት ሲሞላህ የተማሪነት ፎቶህን ከእነሱ አስልኬ በፍሬም አድርጌ ልሰጥህ ብዬ።»