የቁጥጥር ቡድን

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ገና ሳታነቡ "ፈጠራ ነው" ብላችሁ ኮሜንት ልትጽፉ የተዘጋጃችሁ... ተዉት። በተለይ አንድ ኮርስ ሳይኮሎጂ ወስዳችሁ "አእምሮህ የፈጠረው ነው" የምትሉኝ ሰዎች። ያንን ኮርስ የማስተምረው እኔ ነኝ። ሰው የሌለውን ነገር እንዴት እንደሚያይ ስንት ዓመት ሳስረዳ ኖሬአለሁ። ስለዚህ አታስተምሩኝ። ብቻ አንብቡ።

ቦታው አሰላ ነው። ወሩ ነሐሴ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። መብራት አልጠፋም። ሰው በሞላበት ኮሌጅ፣ በሥራ ሰዓት ነው የሆነው። የኮሌጁን ስም ግን አልናገርም።

ናኢማ ስታትስቲክስ ታስተምራለች። ቢሯችን አንድ ነው። በዚያው ዓመት ወልዳ ልጇን ኢርሻድ አለችው። ባሏ ሥራው አርቦዬ ከተማ ስለሆነ ልጁን የሚይዝላት የለም፤ ታቅፋው ትመጣለች።

ዲኑ አንድ ቀን ጠርቶ አንድ ክፍል ሰጣት። በኮሪደሩ ጫፍ ያለችውን፣ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረችውን።

"ልጅሽን እዚያ አስተኚ። እሷን ካልፈለግሽ ግን ልጅ ይዞ ሥራ የለም" አላት።

ሌላ ባዶ ክፍል አልነበረም። ወይ ክፍሏን ትወስዳለች... ወይ ሥራዋን ትለቃለች።

ችግሩ፣ ኢርሻድ እዚያ ሲገባ ያለቅሳል።

"ሲርበው እንደሚያለቅሰው አይደለም" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "አንድ ቦታ እያየ ነው።"

"የት?"

"ከበሩ ጀርባ። ጥጉ ላይ።"

ንድድ አለኝ።

"አንቺ ስታትስቲክስ የምታስተምሪ ሰው! አንድ ሕፃን ስላለቀሰ ነው ድምዳሜ የምትደርሺው? ይሄ ናሙና ነው? ሆዱን ቆርጦት ነው!"

"ልጁ የእኔ ነዋ" አለች።

"እንግዲያው እንፈትነው። በደንቡ። ክፍሏ ደህና ከሆነች ትወስጂያታለሽ።"

"እሺ" አለች።

ሙከራው ቀላል ነበር። በክረምት ከየወረዳው ለትምህርት የሚመጡ መምህራን አሉን። በዕጣ ለሁለት ከፈልናቸው። ለአንደኛው ቡድን ራሴ የፈጠርኩትን ወሬ ነገርኳቸው። "እዚች ክፍል ውስጥ የመጋዘኑ ጠባቂ ታፍኖ ሞቷል፤ አንዳንዴ ሳሉ ይሰማል" አልኳቸው። ለሌላው ቡድን ምንም አልነገርንም። ሁሉም ተራ በተራ ለብቻቸው ክፍሏ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይቆያሉ። ሲገቡና ሲወጡ ናኢማ የልብ ምታቸውን ትለካለች።

ፍርሃቱን የሚያመጣው ወሬው ከሆነ፣ የሚፈሩት ወሬውን የሰሙት ብቻ ናቸው። ያልሰሙት ለማወዳደሪያ ነው የሚያገለግሉን። እነዚህን መጽሐፉ "የቁጥጥር ቡድን" ይላቸዋል። ጸሐፊያችንም ዕጣው ላይ ይህንኑ ስም ጽፋ አደለቻቸው።

ተሳታፊ የቡድኑን ስም ማወቅ የለበትም የምትሉኝ... አውቃለሁ! ወረቀቱን ያየሁት ከታደለ በኋላ ነው።

ጠዋት ወሬውን የሰሙት ገቡ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! አንድ ሳይቀር ሳል ሰሙ። ቁርስ ላይ ሻይ እየጠጣሁ የፈጠርኩትን ሳል! ሁሉም ወንበሩን ትተው፣ በሩን ከውስጥ በጀርባቸው ተደግፈው ነበር የሚቆዩት። ልናስወጣቸው ስንል በሩን መግፋት ነበረብን።

"አየሽ?" አልኳት ናኢማን። "ወሬ ነው። ወሬ ብቻ!"

ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ ከጭላሎ ተራራ ወርዶ ግቢውን ሸፈነው። ተራው የቁጥጥር ቡድኑ ሆነ።

መጀመሪያ የገባው ከጮሌ የመጣ የስፖርት መምህር ነው። ጉቱ ይባላል። ሲወጣ የሸሚዙ ኮሌታ በላብ ርሷል። ናኢማ እጁን ይዛ ልቡን ስትለካ ቀና ብላ አየችኝ።

"ሮጦ የመጣ ነው የሚመስለው" አለች።

ፊቱ ላይ ግን ፍርሃት የሚባል ነገር የለም።

"ፈራህ እንዴ?" አልኩት።

"ምን ያስፈራል? ደከመኝ እንጂ።"

"ወንበር ላይ ተቀምጠህ ነው የደከመህ?"

ሳቀ። "ቲቸር ደግሞ! በዚህ ሥራ ላይ ይቀመጣል እንዴ?"

ቀልድ መሰለኝ።

ወደ ውስጥ የሚገባውን ባልደረባውን በር ላይ ትከሻውን ያዝ አደረገና፣ "ተረከብክ?" አለው።

"ተረከብኩ።"

ይህንንም ቀልድ ነው አልኩ። ግን ቀጣዩም እንዲሁ አለ። ከእሱ በኋላ የመጣችውም። አንዳቸውም ተተኪያቸው እግሩን ሳያስገባ አይወጡም። ሁሉም በላብ ተጠምቀው ነው የሚወጡት። ማንም ሳል ሰማሁ አላለም። ምን እንዳዩ ስጠይቃቸው ደግሞ ጥያቄዬ ይገርማቸዋል።

"ደህና ነው። አልወጣም" አለችኝ አንዷ።

"ማን?"

ውኃ ፍለጋ ሄደች።

ናኢማ አማካዩን አስልታ አሳየችኝ። ምንም ያልተነገራቸው ሰዎች የልብ ምት በወሬ ካስፈራራናቸው በልጧል።

"አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ወጣ ያለ ቢሆን ስህተት ነው እንል ነበር" አለች። "ግን ሁሉም ናቸው።"

ደሜ ፈላ። "ነግረሻቸዋል!"

"ምን?"

"ስለ ጥጉ ነግረሻቸዋል! ክፍሏን ስላልወደድሻት ሙከራዬን አበላሸሽብኝ!"

"ወላሂ አልነገርኩም! ምን ብዬ ነው የምነግራቸው? ምን እንዳለ እኔ አውቃለሁ?" ዓይኗ እንባ ሞላ። "ሥራዬ አይደለም እንዴ? ክፍሏ ደህና እንድትሆን ከእኔ በላይ የሚፈልግ አለ?"

ኢርሻድ ትከሻዋ ላይ ሆኖ በሩን እያየ ያለቅሳል።

በዚያ ሰዓት ውስጥ የነበሩት አዴ ፋጡ ናቸው። ከጢቾ የመጡ፣ በዕድሜ የገፉ መምህርት። ጉዱን በዓይኔ ልየው ብዬ በሩን ቀስ ብዬ ገፋሁት።

ወንበሩ ባዶ ነው። አዴ ፋጡ ቆመዋል። ፊታቸው ከበሩ ጀርባ ወዳለው ጥግ ነው። አንድ እጃቸውን ዘርግተዋል... መምህር ክፍል ውስጥ የሚረብሽ ተማሪን ሲያስቀምጥ እንደሚያደርገው።

"ቁጭ በል" ይላሉ በሹክሹክታ። "ቁጭ በል ብዬሃለሁ... ማሎ፣ እባክህ።"

"አዴ ፋጡ... ማንን ነው የሚያናግሩት?"

አልዞሩም።

"በሩን ዝጋው ቲቸር።"

"ማን አለ እዚህ?"

"ዝጋው አልኩህ! ቁጥጥር ብላችሁ ያስገባችሁን እናንተ አይደላችሁም? ይኸው እየተቆጣጠርኩ ነው።"

ያን ጊዜ ገባኝ። የመጽሐፍ ቃል ነው ጉድ የሠራኝ። ለእኔ "ቁጥጥር" ማለት ማወዳደሪያ ነው። በቀበሌውም በኬላውም ሲሰማው የኖረ ሰው ግን ቃሉን እንደዚያ አያውቀውም። መቆጣጠር መጠበቅ ነው። እንዳያመልጥ መያዝ ነው። ኮሌጁ ለጥበቃ ያሰማራቸው መስሏቸው ነበር። ለዚህ ነው ሲረካከቡ የዋሉት።

እስከዚህ ድረስ ማስረዳት እችላለሁ።

ግን... ማንን ነው የሚጠብቁት? እሱን ማንም አልነገራቸውም።

ይህን ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን ንዴቱ ቀደመኝ።

"በቃ! ሙከራው አልቋል። ይውጡ!"

"ተረካቢ ሳይመጣ?"

"የሚረከቡት ነገር የለም!"

ክንዳቸውን ይዤ አወጣኋቸው። እንደ እናቴ የማከብራቸውን ሴትዮ ጎትቼ አወጣኋቸው። ከዚያ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

"ኑ እዩ! የታለ? የታለ የጠበቃችሁት?"

አንድ ወንበር፣ እርጥበት ያበላሸው ግድግዳ... ጥጉ ባዶ።

ኢርሻድ ለቅሶውን አቆመ።

ድንገት ነው ያቆመው። ጣሪያው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ይሰማል። ናኢማ ቀስ ብላ ገባች። በሩን ከግድግዳው ሳብ አድርጋ ጀርባውን አየች። ልጁን ወደ ጥጉ አስጠጋችው። ኢርሻድ ፈገግ አለ።

"ዝም አለ..." እየሳቀች አለቀሰች። "ዝም አለልኝ! አሸነፍክ በቃ። ክፍሏን እወስዳታለሁ።"

ኮራሁ። እውነቴን ነው፣ በጣም ኮራሁ።

አዴ ፋጡ ግን አልገቡም። ክፍሏንም አያዩም። ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው የኮሪደሩን ሌላኛውን ጫፍ፣ ወደ ውጭ የሚያወጣውን ክፍት በር ነው የሚያዩት።

"ይምጡ አዴ ፋጡ፣ እርስዎም ይዩት" አልኳቸው። "ክፍሏ ደህና ናት።"

"ክፍሏማ ደህና ናት" አሉ በሹክሹክታ። "አሁንማ ባዶ ናት።"

ናኢማ ለዲኑ ነግራ፣ ቁልፏን ተቀብላ፣ ወደ ቤቷ ልትሄድ ወጣች። ዝናቡ አባርቷል፤ ጭጋጉ ግን አልተነሳም። በረንዳው ላይ ቆሜ በዓይኔ ሸኘኋት። ኢርሻድ አገጩን ትከሻዋ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ፣ ወደ እኔ በኩል ያያል።

የሚስቅልኝ መስሎኝ እጄን አወዛወዝኩለት።

እኔን ግን አልነበረም የሚያየው። ዓይኑ መጀመሪያ መሬቱ ላይ ነበር። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ... አጠገቡ የደረሰን ረጅም ሰው ቀና ብሎ እንደሚያይ።

እጁን ዘረጋ።

ሕፃን ጣት ሲሰጡት እንዴት እንደሚጨብጥ ታውቃላችሁ። እንደዚያ ጨበጠ። ጣቶቹ ግን መዳፉ ላይ አልደረሱም። መሃላቸው ላይ ክፍተት ቀረ።

"ናኢማ!" ብዬ ጮህኩ።

ከነልጇ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ በርቷል። በነፃ እጇ "ቻው" አለችኝ።

የኢርሻድ ክንድ ግን አብሯት አልዞረም። ወደ ኋላ ተስቦ፣ እጅጌው ተወጥሮ፣ ጭጋጉ ውስጥ እንደተዘረጋ ቀረ።