ሁሉም በየሳህኑ

«አንሺልኝ ይኼን! አንሺ ብያለሁ!»

አቶ ቢያዝን ሳህኑን በሁለት ጣታቸው ገፋ አደረጉት። ሳህኑ ጠረጴዛው ጫፍ ድረስ ተንሸራቶ ሊወድቅ ሲል ባንቺአየሁ ቀለብ አደረገችው፤ ትኩሱ የዓሣ ጉላሽ ግን እጇ ላይ ፈሰሰ።

«ሕጉ ነው ጋሼ» አለች እጇን በሽርጧ እየጠረገች። «ከበሽታው ወዲህ ሁሉም በየሳህኑ ነው። ትሪ ተከልክሏል። ጉርሻም ተከልክሏል።»

«ከሐሙሲት ድረስ ሚስቴንና ልጆቼን ይዤ የመጣሁ ሐይቅ ዳር አብረን ልንበላ ነው! በገዛ ገንዘቤ እንደ ወይጦ ለየብቻችን እንብላ?»

የሐይቅ ዳሩ መናፈሻ መመገቢያ በሰው ሞልቷል። አቶ ቢያዝንን ያያቸው የለም፤ ሰው ሁሉ ያየው ወደ ጓሮው በር ነው። እዚያ ዘሐራ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ የሞላበት ቅርጫት ተሸክማ ቆማለች። ዘሐራ ደግሞ ወይጦ ናት።

ባሕር ዳር ውስጥ ወይጦዎችን የማያውቅ የለም። የደንገል ታንኳ የሚሠሩት እነሱ፣ ዓሣውን የሚያመጡት እነሱ። ከተማው ታንኳቸውን ይሳፈራል፣ ዓሣቸውን ይበላል፤ ከነሱ ጋር ከአንድ ዕቃ ግን አይበላም። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ «ድሮ ጉማሬ ይበሉ ነበር» ይሏችኋል። በቃ፣ ሌላ መልስ የለም። የባንቺአየሁ እናት ወይዘሮ የብርጓል የመናፈሻው ወጥ ቤት ኃላፊ ናቸው። ለዘሐራ አባት ለአቶ ሰይድ ምግብ ሲሰጡ በጓሮ በር ምስማር ላይ በተንጠለጠለች አንዲት የተጨረማመተች ሳህን ነው። ያቺን ሳህን ሌላ ሰው አይነካትም።

ዘሐራ ቅርጫቷን አወረደች። ከባንቺአየሁ ጋር ስምንተኛን አንድ ክፍል ነው የተማሩት፤ አስተማሪ ዝም በይ ሲላት እንኳ ዝም የማትል ልጅ ናት።

«አባባ» አለች። «እኛ ስንት ዘመን ለየብቻችን ስንበላ ኖርን፤ አልሞትንም። እርስዎ አንድ እሑድ ቢበሉ ምን ይሆናሉ?»

ከከተማው ፋብሪካ መጥተው የሚበሉት ወጣቶች በሳቅ ፈነዱ። አቶ ቢያዝን ቀልተው ቀሩ።

«የብርጓል! የወይጦ ልጅ ስትሰድበኝ ዝም ትያለሽ?»

ወይዘሮ የብርጓል ጭልፋቸውን እንደያዙ ከወጥ ቤት ብቅ አሉ። «አንቺ ባለጌ! ዓሣሽን አስቀምጪና ጥፊልኝ!» አሉ ዘሐራን። አቶ ቢያዝንን ምንም አላሏቸውም።

ዘሐራ ባንቺአየሁን አየቻት። «አንቺስ?» የሚል አስተያየት ነበር። ባንቺአየሁ ጀርባዋን ሰጥታ የውኃውን ጆግ አነሳች። አቶ ቢያዝን ንዴታቸውን በውኃ ሊያጥቡት ይመስል ሦስት ብርጭቆ ባንድ ትንፋሽ ጨለጡ። ልጆቻቸውም ጠጡ። ትንሿማ «ድገሚኝ» አለች።

በዚያ ክረምት መናፈሻው እንዲህ ሆኖ ነበር የከረመው። በሽታው ስንቱን አገር አዳርሶ ባሕር ዳርም ደረሰ ተባለ። ጤና ረዳቱ ጓድ አምባቸው ስሙን አይጠሩትም፤ ከላይ ተከልክሏል አሉ፤ «የሆድ በሽታ» ብለው ያልፉታል። ሰዉ ግን ድምፁን ቀንሶ «ኮሌራ» ይላል። ጥሬ ዓሣ በዳጣ ቀረ። ዥዋዥዌው በገመድ ታሰረ። በር ላይ በረኪና የገባበት ውኃ እጅህ ላይ ካልፈሰሰ አትገባም። ጠረጴዛዎቹ ተራርቀው ሰው ከሰው ጋር ሲጫወት የተጣላ ነው የሚመስለው። ሳህን ስላልበቃ ደግሞ ሰዉ ከቤቱ ሳህን በብብቱ ሸጉጦ መምጣት ጀመረ። ታዲያ ሳህኔ ተቀየረ፣ ሳህኔ ጠፋ፣ የኔን ማን በላበት እያለ ሲናከስ ይውላል።

የሚጠጣውን ውኃ ወይዘሮ የብርጓል በትልቅ በርሜል አፍልተው ያቀዘቅዙታል። እንጨት ረጥቦ ዓይናቸው እስኪጠፋ በጭስ ቢቃጠሉም አንድ ቀን አላጎደሉም። ግን እናትና ልጅ ብቻ የሚያውቁት አንድ ነገር ነበር።

«የፈላ ውኃ ብቻውን ምን ያድናል?» ብለው ነበር ወይዘሮ የብርጓል። ከዚያ ወዲህ ውኃው ሲቀዘቅዝ አንድ ጀሪካን ጠበል ይጨምሩበታል፣ ለበላተኛው እንዲሆነው። ጠበሉን አያፈሉትም። ጠበል ማን ያፈላል? ለሰውም አይናገሩም፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ደሞዝ በመንግሥት መናፈሻ ውስጥ ጠበል መረጨቱን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ ይታወቃላ።

ጠበሉን ገና ጎሕ ሲቀድ ሄዳ የምታመጣው ባንቺአየሁ ነበረች። ሁለት ቀን በደንብ አመጣች። በሦስተኛው ቀን በሽታ የፈራው ሕዝብ ሁሉ ወጥቶ ወረፋው የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ዞሯል። ዝናቡ ይወርዳል። አንዲት ሴትዮ በክርናቸው ገፍትረው ከፊቷ ገቡ፤ ስትናገራቸው ደግሞ «እናትሽ አላሳደገችሽም» አሏት። ባንቺአየሁ ብሽቅ ብላ ወጣች። ቁልቁል ወርዳ፣ ልብስ የሚታጠብበትን አልፋ፣ ጀሪካኑን ከሐይቁ ሞላችው።

«ወረፋው እንዴት ነበር?» አሏት እናቷ።

«ደህና ነበር።»

ወይዘሮ የብርጓል ጀሪካኑን ተሳልመው በርሜሉ ውስጥ ገለበጡት። ነገሩ በጣም ቀላል ሆነ። በማግስቱም ደገመችው። ከዚያማ ጠበሉ የት እንዳለ እስክትረሳ ድረስ ለመደችው።

ማክሰኞ ዕለት የነአቶ ቢያዝን ወሬ መጣ። አባትየው፣ እናትየው፣ ሦስቱም ልጆች የበሽተኞች ድንኳን ገብተዋል። ትንሿ ዓይኗን አልገለጠችም።

ከሰዓት በኋላ ጓድ ደሞዝ የመናፈሻውን ሠራተኛና ዓሣ አቅራቢዎቹን ሰበሰቡ። ከፊት ጓድ አምባቸው ተቀምጠዋል። አቶ ሰይድና ዘሐራ ከኋላ ቆመዋል፤ ወንበር ነበር፣ ተቀመጡ ያላቸው ግን የለም።

«ምንጩ ታውቋል» አሉ ጓድ ደሞዝ። «ዓሣው ነው! የነዚህ ሰዎች ዓሣ፣ የነዚህ ሰዎች ሳህን ከሰው ሳህን ጋር ተቀላቅሎ!»

ጓድ አምባቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዓሣው በእሳት ያለፈ ነው ጓድ። እኔ ውኃውን ነው የምጠረጥር።»

ወይዘሮ የብርጓል ከመቀመጫቸው ተነሡ። «የኔን ውኃ? በማርያም! ሲንተከተክ አንድ ሰዓት! ይኼው ዓይኔን እዩት፣ ጭሱ ያጠፋውን! ልጄን ጠይቋት!»

ሁሉም ወደ ባንቺአየሁ ዞረ። 

«እናቴ ታፈላዋለች» አለች። እውነት ነበር። ለዚያ ነው የባሰ ያቃጠላት።

«ጓድ ሊቀመንበር» አሉ አቶ ሰይድ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው። «ያንኑ ዓሣ እኛም በላን። ልጆቼ በሉ። ማን ታመመብን?»

«እናንተማ ለምዶባችኋል!» አለ አንዱ ከመሃል። ሳቅ ሆነ። ጓድ ደሞዝም ፈገግ አሉ።

ውሳኔው ሩቅ አልነበረም። ከነገ ቀትር ጀምሮ ወይጦዎቹ ታንኳቸውን ከመናፈሻው ዳር ያነሣሉ፤ ጎጇቸውንም አፍርሰው ይሄዳሉ፤ ዓሣቸውም አይገዛም።

«ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ!» አሉ ጓድ ደሞዝ። «አንቺ የየብርጓል ልጅ፣ ጽሕፈትሽ ያምራል ይባላል። ነይ ወዲህ!»

ባንቺአየሁ ሄዳ ተቀመጠች። እሳቸው ይላሉ፣ እሷ ትጽፋለች። «በሽታው የመጣው ወይጦዎች ካቀረቡት ዓሣና ከተበከለ ሳህናቸው መሆኑ ስለተረጋገጠ...» እስክሪብቶው በላብ እየተንሸራተተባት እንኳ መስመሯ አልተጣመመም። ጓድ ደሞዝ አነበቡት፣ ማኅተም መቱበት፣ ለአቶ ሰይድ አሳዩት፣ ከዚያ ለጓድ አምባቸው ሰጡ።

ስብሰባው ሲበተን ዘሐራን ሐይቁ ዳር አገኘቻት። ከታንኳው ላይ መረብ እያወረደች ነበር።

«ዘሐራ።»

«ምን ቀረሽ? ነጠላ ሰረዝ ረሳሽ?»

«የታዘዝሁትን ነው የጻፍሁ።»

«አውቃለሁ። አሳምረሽ ነው የጻፍሽው። አባቴ ማንበብ አይችልም፤ እኔ ነኝ ያነበብሁለት። አንድ ፊደል እንኳ አልተሳሳትሽም።»

«አንድ ነገር ልነግርሽ...»

«ምን ልትነግሪኝ? አዝናለሁ ልትይኝ? ሂጂ አቦ!» ዘሐራ መረቡን መሬት ላይ ወረወረችው። «ፋራ መሆንሽን አውቅ ነበር። ክፉ ግን አልነበርሽም። አሁን ሁለቱንም ሆንሽ።»

ባንቺአየሁ አፏን ከፈተች። ከጎጆው በኩል የዘሐራ እናት ምሰሶ ሲነቅሉ ይሰማል። አንድ ሁለት እያሉ ነው የሚስቡት። ባንቺአየሁ ፊቷን አዙራ ወደ ቤቷ ሄደች።

በነጋታው ጎሕ ሳይቀድ ወይዘሮ የብርጓል ቀሰቀሷት። ጀሪካኑ በእጃቸው ነው።

«ተነሺ። ዛሬ ሞልተሽ አምጪ። የፋብሪካው ልጆች ስልሳ ሆነው ይመጣሉ። እንደነዚያ እንዳይሆኑብን ጠበሉን እጥፍ ነው የማደርገው።»

ስልሳ። ባንቺአየሁ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጀሪካኑን አየችው።

«እማዬ፣ ጠበል አልነበረም።»

«ምን?»

«ወረፋው በዛብኝና... ከሐይቁ ነው የቀዳሁት። እነአቶ ቢያዝን የጠጡትንም።»

ጥፊው ከየት እንደመጣ አላየችውም። ሁለተኛውን ግን አየችው፤ አልሸሸችም። ከዚያ ወይዘሮ የብርጓል ቁጭ አሉ። ደጋግመው አማተቡ።

«ተሳልሜው» አሉ። «የልብስ እጣቢ ተሳልሜ ለሰው አጠጣሁ።»

«እማዬ...»

«ዝም በይ! በርሜሉን እደፋዋለሁ። በበረኪና አጥበዋለሁ። የፈላውን ብቻ አጠጣለሁ። አንቺም አፍሽን ትዘጊያለሽ፣ እኔም እዘጋለሁ። አለቀ።»

ባንቺአየሁ ይኼን አልጠበቀችም። ከአሁን በኋላ የሚታመም የለም ማለት ነው። ለትንሽ ጊዜ ትከሻዋ ቀለለ።

«እነዘሐራስ?» አለች።

«እነሱ የትም ይኖራሉ። ሐይቁ ሰፊ ነው። እኛ ከዚህ ወጥ ቤት ሌላ ምን አለን? እኔን ልታሳስሪ ነው? ንገሪኛ! ለወይጦ ብለሽ እናትሽን?»

ባንቺአየሁ ከአልጋው ተነሣች። ጫማዋን ፈልጋ አጠለቀች።

«ወዴት ነው? ባንቺአየሁ! በዚያ በር ከወጣሽ ልጄ አይደለሽም!»

ወጣች። እናቷ ሲከተሏት ሰማች፤ በሩ ላይ ሲቆሙም ሰማች። ዞር አላለችም፤ ዞር ካለች እንደምትመለስ ታውቃለች።

ጓድ አምባቸው ከድንኳኑ ውጭ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና እየታጠቡ ነበር። ሌሊቱን አልተኙም።

«አመመሽ?»

«አይ። ልጅቱ እንዴት ናት?»

«ዓይኗን ገልጣለች። አባቷ ከአሁኑ ወጥ አነሰኝ ብሎ ይሳደባል።» ፊታቸውን ጠረጉ። «ለዚህ ነው የመጣሽ?»

«የትናንቱ ቃለ ጉባኤ... ሊታረም ይችላል?»

«ማኅተም ተመትቶበታል። ማኅተም የተመታበት ወረቀት አይነካም።»

«እንግዲያው አዲስ ወረቀት ስጡኝ። የውኃውን ነገር ልጻፍ።»

ጓድ አምባቸው አዩዋት። ጉንጯ ላይ የእናቷ አምስት ጣት አሁንም እንዳለ ነው።

«ደሞዝ እንዲህ በቀላሉ የሚለቅሽ ሰው አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

ከመዝገባቸው መሃል አንድ ገጽ ገንጥለው ሰጧት። ባንቺአየሁ የመድኃኒት ሣጥን ላይ ተደግፋ ቀኑን ጻፈች። ጽሕፈቷ እንደ ትናንቱ አላማረም። ከታች አንድ መስመር ዘለለችና «እኔ» ብላ ጀመረች።