ወፍራሙ እጀታ

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ የጎልፍ ኳስ ዓይንሽ እያየ አድማ መትቶብሽ ያውቃል? ድንቢጥን መትቶባታል። ረቡዕ ከሰዓት፣ ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ እግሯን ከፈት አድርጋ ቆመች፤ ትንፋሿን ዋጥ አደረገችና ዱላውን ከትከሻዋ በላይ አዙራ ጧ! አደረገችው። ኳሱ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ የታዘዘ ልጅ ነበር የሚመስለው። መሃል ላይ ሲደርስ ሐሳቡን ቀየረ። ወደ ቀኝ ታጠፈ፣ አሁንም ታጠፈ፣ አጥሩ ሥር ያለው ቁጥቋጦ ውስጥ ጥልቅ!

«በሰላም ግባ!» አለች ሬዲዮ እጇን እያውለበለበች።

ሬዲዮ የድንቢጥ የልብ ጓደኛ ናት። አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት ስለሌለ ነው ስሙ የወጣላት። ድንቢጥ ለምን ድንቢጥ እንደተባለች ደግሞ ከረጅሙ ዱላ አጠገብ ስትቆም ብታዪያት አትጠይቂም ነበር።

ይሄንን ወደ ቀኝ የመጠምዘዝ በሽታ ጎልፍ ተጫዋቾች «ስላይስ» ይሉታል። ድንቢጥን ከያዛት ሁለት ወር ሆነ። ያልሞከረችው ነገር የለም። ወደ ግራ አነጣጥራ መታች፤ ኳሱ ይባስ ብሎ ወደ ቀኝ ነጎደ። የበለጠ ወደ ግራ ዞረች፤ እሱም የበለጠ ወደ ቀኝ። እልህ ተጋቡ በቃ። ክንዷ እንዳይከፈት ብብቷ ውስጥ መሐረብ ሸጉጣ ሞከረች፤ መሐረቡም ወደቀ፣ ኳሱም ጠፋ። ሬዲዮ «ለምን ጀርባሽን ሰጥተሽው አትመቺም? ይደናገራል» ያለቻትን ምክር ራሱ ልትሞክረው ትንሽ ነበር የቀራት።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ቅዳሜ ምርጫ አለ። ከሃያ አንድ ተማሪ አራቱ ብቻ ናቸው ለትምህርት ቤቶች ውድድር የሚሄዱት። ድንቢጥ ኳሱ የሚገባበት ቀዳዳ አካባቢ ስትደርስ የሚስተካከላት የለም፤ ችግሯ እዚያ መድረሱ ነው። የመጀመሪያው ረጅም ምት ጉድ ይሠራታል።

«ነይ እስቲ» አላት አሰልጣኙ። ብዙ የማያወራ ሰውዬ ነው፤ ሬዲዮ አጠገብ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ። «ዱላውን እንደያዝሽ እጅሽን አሳዪኝ።»

ግራ እጇን ገልበጥ አድርጎ አየው።

«መሃለኞቹ ሁለት ጣቶችሽ መዳፍሽን ነካ ማድረግ አለባቸው። ያንቺዎቹ የት ናቸው?»

ድንቢጥ አየች። በጣቶቿ ጫፍና በመዳፏ መሃል እርሳስ የሚያሳልፍ ክፍተት አለ።

«እጀታው ወፍሮብሻል» አለ። «ወፍራም ነገር ጨብጠሽ አንጓሽ እንዴት ይዙር? አንጓሽ ካልዞረ የዱላው ፊት ወደ ቀኝ እንደተከፈተ ይመታል፤ ኳሱም እየሾረ ወደ ቀኝ ይሄዳል። እንቺ፣ በዚህ ምቺ።»

ቀጭን እጀታ ያለው ዱላ ሰጣት። መታች። ኳሱ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ፤ ቀጥ እንዳለ አረፈ። ሬዲዮ እንኳ ዝም አለች፤ በታሪክ የመጀመሪያው ነው። ሰባት ጨመረች፤ ስድስቱ ቀጥ አሉ።

አሰልጣኙ የድንቢጥን ዱላ አንስቶ የእጀታውን ቆዳ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «ስፌቱስ ያምራል። ማነው የሠራልሽ?»

ድንቢጥ ጫማዋን አየች።

«ማንም ይሁን፣ ልባሱ ለቅዳሜ ይነሳ።»

እንግዲህ ስለ እናቷ ልንገርሽ። የመኪና ወንበር አልባሽ ናት። የተቀደደ፣ የሰመጠ፣ ሽቦው የወጣ ወንበር አምጪላት፤ አልጋ አድርጋ ትመልስልሻለች። ችግሩ ሥራዋን ቤት ይዛ መግባቷ ነው። እነሱ ቤት ስፖንጅ ያልገባበት ዕቃ የለም። በርጩማው ለብሷል። የመጥረጊያው እንጨት ለብሷል። የካውያው እጀታ ለብሷል። ድንቢጥ በሦስት ዓመቷ ግንባሯን የተመታችበት የጠረጴዛ ጠርዝም ያኔውኑ ለብሷል። አጎቷ ሊጠይቃቸው ሲመጣ «እዚህ ቤት ብዙ ከቆየሁ እኔንም ታለብሰኛለች» ብሎ ቶሎ ይሄዳል።

ዱላውን አንድ ደንበኛ ነው «ለልጅሽ» ብሎ የሰጣት። ድንቢጥ የመጀመሪያ ቀን መዳፏ ውሃ ቋጥሮ መጣች። እናቷ መዳፉን አየችና ዱላውን ወደ ሥራ ቦታዋ ወሰደችው። በሦስተኛው ቀን ሲመለስ ከሥሩ ስፖንጅ፣ ከላዩ ቡናማ ቆዳ፣ ዙሪያውን ጉንዳን የተሰለፈ የሚመስል ቀይ ስፌት።

«ጨብጪው። ይቆረቁርሻል?»

«ኧረ እማ! ትራስ እኮ ነው!»

ይሄ ከሆነ ሁለት ወሩ ነው። አዎ፣ ልክ ነሽ፤ ስላይሱም ሁለት ወሩ ነው። እናቷ ደግሞ ድንቢጥ ከልምምድ በመጣች ቁጥር «እጀታው እንዴት ነው?» ትላታለች። ድንቢጥም «ምርጥ ነው» ትላለች።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ሬዲዮ ሦስት መፍትሔ ይዛ መጣች።

«አንድ፣ ተሰበረ በያት።»

«ብረት ነው እኮ።»

«ሁለት፣ ተሰረቀ።»

«ጎረቤቷን ጎማ ጠጋኙንም በየጋራዡ ያለውንም ሰው ይዛ ሌባ ፍለጋ ትወጣለች። አታውቂያትም?»

«እሺ ሦስት። ደንብ ነው እንላታለን። ቅዳሜ ሁሉም ሰው በአሰልጣኙ ዱላ ነው የሚመታው። ንጹሕ ውሸት ናት፤ ማንንም አትጎዳም። ለኔ ተይው፣ እኔ ስዋሽ ዓይኔ አይርገበገብም።»

ድንቢጥ ዱላውን በጨርቅ ጠቅልላ እንደያዘች የእናቷ ሥራ ቦታ ደረሱ።

እናቷ የሚኒባስ ወንበር ላይ ተንበርክካ ቆዳ እየወጠረች ነበር፤ ከንፈሯ መሃል አራት ስፒል ይዛለች። ሲያዩዋት ስፒሎቹን አንድ በአንድ አውጥታ ደረቷ ላይ ሰካች።

«መጣችሁ? ቅዳሜ እዘጋለሁ! ለጎማ ጠጋኙ ነግሬዋለሁ። ልጄ በኔ እጀታ ስትመታ ሳላይማ አልቀርም።»

«እትዬ» አለች ሬዲዮ፣ በጣም በሚያሳዝን ድምፅ። «ቅዳሜኮ ደንብ ወጣ። ሁሉም ሰው በአሰልጣኙ ዱላ ብቻ ነው የሚመታው አሉን።»

የእናቷ እጅ ቆዳው ላይ ቆም አለ።

«እንደዚያ ነው?» አለች። «ደንብ ከሆነማ ምን ይደረጋል።» ሳቅ ለማለት ሞከረች። «ለማንኛውም እመጣለሁ።»

ይቺ «ለማንኛውም» ናት ድንቢጥን የጨረሰቻት። 

«ውሸቷን ነው እማ።»

ሬዲዮ ዓይኗ ተርገበገበ።

«ደንብ የለም። እጀታው ወፍሮብኝ ነው። ኳሱ ወደ ቀኝ የሚሄደው በሱ ነው። አሰልጣኙ በሌላ ዱላ ሲያስመታኝ ቀጥ አለ።» አንዴ ከጀመረች ማቆም አቃታት። «ስፌቱን ግን በጣም ነው የወደደው። እኔም እወደዋለሁ። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

እናቷ እጇን ዘረጋች። ድንቢጥ ጨርቁን ፈትታ ዱላውን ሰጠቻት። ደጅ ላይ የሆነ ሰው ሞተር እያስነሳ ያጠፋል፣ እያስነሳ ያጠፋል። እናቷ እጀታውን ስታየው፣ ስትጨብጠው፣ እንደገና ስታየው ቆየች።

«ሁለት ወር ሙሉ?» አለች በመጨረሻ።

«አዎ።»

«አንድ ሾፌር እኔ በሠራሁት ወንበር ወገቡን እያመመው ‹ምርጥ ነው› እያለኝ ቢሄድ ደስ ይለኛል? ሥራዬን አላውቅም ወይስ ሲነግሩኝ እሞታለሁ?» ድምጿ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። «እኔ እኮ እጅሽ እንዳይላጥ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ እማ።»

«ያዥው እስቲ። እንደምትመቺ አድርገሽ።»

ድንቢጥ ያዘች። የጣቶቿንና የመዳፏን ክፍተት ስታሳያት እናቷ ጎንበስ ብላ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየች። ከዚያ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር መዘዘች። የእጀታውን ዙሪያ ለካች፤ የልጅቷን ጣት ለካች፤ ጠመኔ አንስታ ጠረጴዛው ላይ የሆነ ቁጥር ጻፈች። ፊቷ ላይ ያለው ነገር ደንበኛ ሲመጣ የሚኖራት ዓይነት ነበር።

«ስፖንጁ በሙሉ ይወጣል» አለች። «ቆዳውም ይህ አይሆንም፤ ስስ አለኝ። የአሰልጣኙ ከተሻለሽ ግን በሱ ምቺ። አልቀየምም።»

«ቀጭኑን ሥሪልኝ» አለች ድንቢጥ። «ነገ ልሞክረው።»

እናቷ ትንሿን ምላጭ ሰጠቻት። «በይ ስፌቱን አንቺ ፍቺ። ቀስ እያልሽ። አንቺ ደግሞ» አለች ወደ ሬዲዮ ዞራ፣ «ደንብ አውጪ! ክሩን ልቀሚ፣ ወለሉ ላይ እንዳይበተን።»

«እሺ እትዬ» አለች ሬዲዮ። እሷ በሁለት ቃል ብቻ መልስ ስትሰጥ መቼም ታይቶ አይታወቅም።

ድንቢጥ ምላጩን የመጀመሪያው ቀይ ክር ሥር አስገባችና ትንሽ ቆየች። ከዚያ ቆረጠችው። ሬዲዮ ተንበርክካ ክር እየለቀመች ነበር፤ ድንቢጥ እናቷ እንዳትሰማ ዝቅ ብላ አንሾካሾከችላት።

«እስከዛሬ በእጀታው ነበር የማሳብበው። ቅዳሜ ኳሱ እንደገና ወደ ቀኝ ቢሄድብኝስ? ያኔ በቃ እኔ ነኝ ማለት እኮ ነው።»

ሬዲዮ ቀና ብላ አየቻት። የመለሰችላትን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግርሻለሁ፤ እንዲህ ነው ያለቻት፦

«አንቺ ብቻ ምቺ፣ የትም ይሂድ፣ እኔ ሮጬ አመጣዋለሁ።»