የሽታዬ ስለት

ያን ዓመት ማሩ የነካው ሁሉ ይሰምርለት ነበር፤ ሽታዬን ያስፈራትም ይኸው ነው። ሰው እንዲህ በላይ በላዩ ሲቀናው ሆዷ የሚባባ ሴት አለች፤ እሷ ከነዚያ ነበረች።

ማሩ የጠዳ ገበሬ ልጅ ነው። መጀመሪያ ለጠዳ ተጫወተ፤ አዘዞዎች ወሰዱት፤ ከአዘዞ ደግሞ የጎንደር ከተማ ቡድን ነጠቀው። በ1952 ዓ.ም. መግቢያ በበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ምርጥ ቡድን ውስጥ ገብቶ ዘጠኝ ቁጥር ለበሰ። ከዚያ በላይ የቀረው ብሔራዊ ቡድን ብቻ ነበር።

የተዋወቁት በዚያው ዘጠኝ ቁጥር ሰበብ ነው። የሽታዬ አባት አያ በላቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ በማሊያዎቹ ላይ ቁጥር የምትሰፋው ግን እሷ ነበረች። አንድ ቀን ማሩ ቁጥሩ ተገንጥሎ የተንጠለጠለ ማሊያ ይዞ መጣ።

«ምን ብታደርገው ነው በሦስት ቀን እንዲህ የሆነው?» አለችው ቀና ሳትል።

«ተከላካዮቹ ይጎትቱኛል።»

«ምነው፣ ሳይደርሱብህ አታመልጥም?»

«ማምለጡንስ አመልጣለሁ» አለና አንገቱን ደፋ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ የተረተርሁት እኔው ነኝ።»

መርፌው ጣቷን ወጋት። ቀና ብላ አየችው፤ እሱም አያት። አያ በላቸው ከወዲያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ በኋላ ያ ማሊያ ስንት ጊዜ እንደተተረተረ ቤት ይቁጠረው።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ወሬ መጣ። በጥቅምት መጨረሻ ከጎጃም ምርጥ ጋር በሚደረገው ግጥሚያ ላይ ከአዲስ አበባ የብሔራዊ ቡድን መራጭ ይመጣል፤ የሚመጣውም ማሩን ሊያይ ነው። ከተማው በደስታ ሰከረ። ሽታዬ ግን ያሰበችው ውዱን ነበር። ውዱ የጎንደር በረኛ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት እንዲሁ ተመርጦ ሄደ፤ እዚያው ሥራ ሰጡት፤ እዚያው ሌላ ሴት አገባ። እጮኛው አበቡ የሽታዬ ጎረቤት ናት፤ የአዲስ አበባ አውቶቡስ በገባ ቁጥር ዛሬም ደጅ ትወጣለች።

«ብትመረጥ ትመለሳለህ?» አለችው ሽታዬ።

«ምነው አልመለስ! አንቺን ትቼ የት አባቴ እሄዳለሁ?»

«ውዱም ለአበቡ እንዲሁ ብሏት ነበር።»

«እኔ ውዱ ነኝ እንዴ?»

«አትሂድ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ዋጠችው። ወንድን ቅርልኝ ብሎ መለመን ሞት መሰላት። «ሸጋ ነው፣ ይቅናህ» አለችው በምትኩ።

በጥቅምት ገብርኤል ማለዳ ግን ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ግንባሯን ከግንቡ አስነካች። «ገብርኤል ሆይ፣ ማሩ ከጎንደር እንዳይወጣ አድርግልኝ፤ ለታኅሣሥህ ጥላ አስገባለሁ» አለች። እንዴት አድርጎ እንደሚያስቀረው አልነገረችውም። ስትመለስ ስለቷን ልትተው ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ቆማ ነበር።

የግጥሚያው ዕለት ሰማዩ ጠርቶ፣ የሜዳው ዙሪያ ሰው ብቻ ሆነ። ማሩ ገና በዐሥረኛው ደቂቃ ጎል አገባ። መራጩ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ሽታዬ ከሴቶቹ መካከል እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ደብተሩን ስታይ መልሳ ዘጋችው።

ሁለተኛውን ሊያገባ ሲሮጥ ማንም አልነካውም። እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ገባና ወደቀ። የአጥንቱ ድምፅ እስከ ሴቶቹ ድረስ ተሰማ። መራጩ ደብተሩን ዘጋ።

ወጌሻው ብዙ ደከመ፤ እግሩ ግን ተንጋዶ ገጠመ፤ ኳስ በዚያው አበቃ። ሽታዬ በየቀኑ አጥሚት ይዛ ትጠይቀው ነበር። አንድ ቀን ማሩ «እንግዲህ የትም አልሄድም። በዚህ እግሬ ካላስጠላሁሽ ሽማግሌ ልላክ?» አላት። አለቀሰች፤ በደስታ መሰለው።

አያ በላቸው እሺ አሉ፤ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ቤተሰቡ ሁሉ ሲፍነከነክ እሷ ብቻ ከሳች። ስለቷን ብታስቀር ገብርኤል የማሩን ሌላውን እግር፣ ምናልባትም ነፍሱን የሚወስድባት መሰላት። ብታስገባ ደግሞ በዚያ ደብር ባለስለት የተደረገለትን በሕዝብ ፊት ይናገራል።

ታኅሣሥ ገብርኤል ደረሰ። ሽታዬ ቀይ ጥላ ይዛ ከሕዝቡ ፊት ቆመች። ስለት የሚቀበሉት መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ነበሩ።

«ገብርኤል ምን አደረገልሽ ልጄ?»

«ጤና ሰጠኝ» ማለት ይቻል ነበር፤ ብዙ ሰው እንዲያ ይላል። ነገር ግን ማሩ በወንዶቹ በኩል በምርኩዙ ቆሞ ፈገግ ብሎ ያያት ነበር። እየዋሸችው ዕድሜዋን ሙሉ አብራው መኖር እንደማይሆንላት ያን ጊዜ ገባት።

«ማሩ ከጎንደር እንዳይወጣ ለምኜው፣ አስቀረልኝ» አለች።

መሪጌታው ቃሏን ጮክ ብለው ደገሙት። ሕዝቡ እልልታውን አቀለጠው።

ማሩ ከቅጥሩ ደጃፍ ጠበቃት። ፊቱ ዐመድ መስሏል።

«እግሬ እንዲሰበር ነው የለመንሽው?»

«እንዳትሄድ ብቻ! በገብርኤል፣ እንዳትሄድ ብቻ!»

ምርኩዙን አየ። ከዚያ «ምነው እኔኑ ብትለምኚኝ፣ ሽታዬ?» አላት ቀስ ብሎ። «አንዴ ብቻ አትሂድ ብትይኝ እኮ እቀር ነበር።»

ይህን ብሎ እያነከሰ የጠዳን መንገድ ያዘ። ከደጁ የሚወጡት ሴቶች ጉንጯን እየሳሙ «እንኳን ደረሰልሽ!» ይሏታል፤ እሷም ዐይኗን ከጀርባው ሳትነቅል «አሜን» ትላለች። ለጥር የተቆረጠው ሠርግም በዚያው ቀረ።