ከሃያ አንደኛው ፋይል ወዲህ

ሥራው የስድስት ሳምንት ነው ብለውኝ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ወር ሙሉ የሰው ትዳር ስተይብ ከርሜአለሁ። አርባ ባልና ሚስት፣ ሰማንያ ቃለ ምልልስ። ባልየው ለብቻው፣ ሚስትየው ለብቻዋ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ተጠይቀዋል፦ መጀመሪያ የተገናኛችሁበት ቀን እንዴት ነበር? ድምፁን ወደ ወረቀት የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ሲያልቅ ቦርሳዬን አንስቼ ልወጣ ስል ፕሮፌሰሯ ጠሩኝ። አንቺ ሁሉንም ሰምተሻል፣ ሁለተኛ አንባቢ ሁኚለት አሉኝ።

«ለማን?»

በአገጫቸው አሳዩኝ። ጥግ ላይ አንድ ረጅም ሰውዬ እርሳስ ይቀርጻል።

ጥናቱ የሱ ነው፣ የዶክትሬቱ። ርዕሱ አፍ ያስራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። እውነት አንድ ናት ወይ? ባልና ሚስት ስለ አንድ ቀን የተለያየ ነገር ካወሩ አንዳቸው ተሳስተዋል ማለት ነው፣ ወይስ ሁለቱም ከቆሙበት ሆነው ያዩት እውነት ነው? አንዳቸው ተሳስተዋል ካልክ ሀ ትላለህ። ሁለቱም ልክ ናቸው ካልክ ለ። አንደኛው አንባቢ እሱ ነው፣ ሁለተኛዋ እኔ። መጨረሻ ላይ መልሳችን ስንቱ ላይ ገጠመ ተብሎ ይቆጠራል። ከገጠመ ጥናቱ ይታመናል። ካልገጠመ ወገቡ ተሰበረ።

ሕጉ አንድ ነው። አርባውም እስኪያልቅ ስለ ፋይሎቹ አንድ ቃል አንነጋገርም። እያንዳንዱ በራሱ ጭንቅላት።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ሰጡን። ሁለት ጠረጴዛ፣ መሃላችን የፋይል መደርደሪያ፣ ወረቀት የሚያኝክ ፕሪንተር፣ መኪና ማቆሚያውን የሚያሳይ መስኮት። በመደርደሪያው ክፍተት ግንባሩና እርሳሱ ይታዩኛል። ሌላው የለም። ታላቅ እህቴ ይህን ስነግራት ወዲያው ስም አወጣችለት። ማታ ስትደውል «እርሳሱ ዛሬስ ተነፈሰ?» ትለኛለች።

ብዙ አይተነፍስም። ግን ሦስተኛውን ምዕራፍ የተየብኩለት እኔ ስለሆንኩ አቋሙን አውቀዋለሁ። ነገር ከኛ ውጭ አለ ይላል፤ ሰው አየውም አላየውም አለ። የኛ ሥራ ማግኘት ነው። እኔ ደግሞ ሰማንያ ሰው በጆሮዬ ሰምቼ ይህን አልውጥም። አንድ ቀን በሻይ ሰዓት ነገርኩት። ስለ ምዕራፉ እንጂ ስለ ፋይሎቹ ስላልሆነ ይፈቀዳል።

«ይቺ ወንበርሽ፣ ማንም ባያያት የለችም?» አለኝ።

«አለች። ግን አንተ ወንበር ትላታለህ፣ እኔ የወገብ ሕመም እላታለሁ።»

ሳቀ። እስከዚያ ቀን ሲስቅ አላየሁትም። ባላየው ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ስገባ ወንበሬ ተቀይሯል። የሱ እኔ ጋ፣ የኔ እሱ ጋ። ቀኑን ሙሉ ወገቡ አላስቀምጥ ብሎት ግንባሩ ከፍ ዝቅ ሲል በክፍተቱ ሳየው ዋልኩ።

ሃያ አንደኛው ፋይል የአንድ ጎሚስታና የፋርማሲስት ሚስቱ ነበር። እሱ፣ ቢጫ ልብስ ለብሳ ከሩቅ ስትመጣ አየኋት፣ ጎማው ከእጄ አመለጠ ይላል። እሷ፣ በሕይወቴ ቢጫ ልብስ ኖሮኝ አያውቅም ትላለች። ይሄ ለኔ ለ ነው። ማሰብም አያስፈልገውም። ግን እጄ ወረቀቱ ላይ ቆመ። እሱ ማዶ ተቀምጦ ምን ይላል? ሀ ይላል። ካልገጠምን ደግሞ የአራት ዓመት ልፋቱ ገደል ገባ። ቀና ብዬ በክፍተቱ አየሁት። ግንባሩን በመዳፉ ደግፎ ያነባል። ደክሞታል።

ሀ ብዬ ጻፍኩ።

የቀሩትን አስራ ዘጠኝ ፋይሎች በሱ ጭንቅላት አነበብኳቸው። ጥፋት መሆኑን አላጣሁትም። ደግሞ ደስ ይል ነበር። ጠዋት ገብቼ፣ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ውዬ፣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ እወጣለሁ።

በአምስተኛው ሳምንት ሌላ ከተማ የማስተማር ቦታ እንዳገኘ ነገረኝ። እናቱ እዚያ ናት። አባቱ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ቦታውንም የፈለገው ለዚህ ነው። ጥናቱን እስከ መጪው ሳምንት ዓርብ ካስረከበ የሱ ነው። አለዚያ ለተከታዩ ሰው ያልፋል። ይህን ሁሉ ያወራው ፕሪንተሩ ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት እየጎተተ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው። እንኳን ደስ አለህ አልኩት። ወረቀቱ እጁ ላይ ተቀደደ።

እህቴ ስትሰማ፣ አንቺ ምን አልሽው ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«እንኳን ደስ አለህ? አንቺ ልጅ፣ ሌላ ጊዜ አፍሽ መቼ አርፎ ያውቃል?» ብላ ዘጋችብኝ።

ሰኞ ጠዋት ፕሮፌሰሯ ሁለታችንንም ጠሩን። ውጤቱን ቆጥረውታል። ከመጀመሪያዎቹ ሃያ ፋይሎች አስራ አራቱ ላይ ገጥመናል። ደህና ነው፣ ያስኬዳል። ከሁለተኛዎቹ ሃያ፣ አምስት ላይ።

«አምስት» አሉ መነጽራቸውን አውልቀው። «ሳንቲም ብትወረውሩ እኮ አስር ይገጥምላችሁ ነበር።»

እሱ ወረቀቱን ተቀብሎ ያየዋል፣ ያገላብጠዋል። እንዲገጥም ብዬ አይደል እንዴ ያደረግኩት? እንዴት ይወርዳል? ያን ሰዓት የመጣልኝ መልስ አንድ ብቻ ነው፦ ጨርሶ አላወቅኩትም። ስንት ቀን ጭንቅላቱ ውስጥ ነኝ ስል የማላውቀው ሰው ቤት ነው የዋልኩት። ከቁጥሩ ይልቅ ይሄ ቆረጠኝ።

ፕሮፌሰሯ መላ ሰጡን። ልዩነት ሲኖር አንባቢዎች ተቀምጠው፣ ለምን እንዲህ እንዳሉ ተከራክረው፣ አንድ መልስ ላይ መድረስ ይችላሉ። ደንቡ ይፈቅዳል። እስከ ረቡዕ ጨርሳችሁ አምጡ አሉ።

ማክሰኞ መደርደሪያውን ወደ ግድግዳው ገፋነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ዓይኑን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶታል። እኔም እጄን።

«ሃያ አንድ» አለ። «ሀ ብለሻል። ለምን?»

«ልብስ ቀለም አለው። ወይ ቢጫ ነው፣ ወይ አይደለም። አንዳቸው ተሳስተዋል።»

ቀና ብሎ አየኝ። ወረቀቱን ስቤ የሱን መልስ አየሁ። ለ ይላል።

«አንተስ?» አልኩት።

«ሰውየው ቢጫ ነው ያየው። ያ ቀን ለሱ ቢጫ ነበር። ውሸት አይደለም።»

ፕሪንተሩ ማንም ሳይነካው አንዴ ጮሆ ቆመ። ሃያ ሁለትን አወጣን። እኔ ሀ፣ እሱ ለ። ሃያ ሦስት፣ እንደዚያው። ሃያ አራት ላይ፣ አንድ ሰው ከቆመበት ቦታ ውጭ ምን ሊያይ ይችላል ብሎ ሲጀምር ፋይሉን ከእጁ ነጠቅኩት።

«ይሄ የኔ አፍ ነው» አልኩት። «ያንተ አይደለም።»

«አንቺም ከጠዋት ጀምሮ ሦስተኛውን ምዕራፍ ነው የምታነቢልኝ።»

ያኔ ገባኝ። ለካ አልተሳሳትኩም። ቤቱስ የሱ ነበር፣ ያው ቤቱ። እሱ ግን እቤቱ አልነበረም። የኔ ቤት ሄዶ ነበር።

«ከስንተኛው ጀመርክ?» አልኩት።

«ከአስራ ዘጠነኛው። አንቺስ?»

«ከሃያ አንደኛው።»

«በሁለት ፋይል ቀድሜሻለሁ» አለ። አልሳቀም። ለምን እንዳደረገው ስጠይቀው፣ በምን ዓይን እንደማየው ማወቅ ፈልጎ እንደነበር ነገረኝ፣ አንዴ ከገባ በኋላ መውጣት እንዳቃተው። ይህን ያለው ለጠረጴዛው ነው፣ ለኔ አይደለም።

ትዕግሥት የለኝም። እርሳሱን ተቀበልኩትና ፊደሎቹን እንቀይራቸው አልኩ። ግማሹ ላይ አንተ የኔን ፊደል ውሰድ፣ ግማሹ ላይ እኔ ያንተን እወስዳለሁ፣ ተከራከርን እንላለን፣ ዓርብ ታስረክባለህ፣ ማንም አያውቅም። እንዲሄድ ፈልጌ አይደለም። እውነቱን እንናገር ካልኩ ቦታው ያመልጠዋል፤ ቦታው ካመለጠው ደግሞ እዚሁ ይቀራል። ታዲያ ለእውነት ብዬ ነው ወይስ ለራሴ ብዬ? ራሴን ማመን አልቻልኩም። ስለዚህ እኔን የሚጎዳኝን መረጥኩ፤ እሱ ቢያንስ አያጠራጥርም።

እሱ ግን ሃያ ስድስተኛውን ፋይል ወደኔ ገፋው።

«አሁን አንቢውና ያኔ በራስሽ ምን ትዪ እንደነበር ንገሪኝ።»

አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩ። ሀ የሚለው የሱ ድምፅ ይሁን የኔ መለየት አቃተኝ። ለ የሚለውም እንደዚያው።

«አላውቅም» አልኩ። ይቺን ቃል ከአፌ ማውጣት ለኔ ቀላል አይደለም።

«እኔም አላውቅም» አለ። «የማናውቀውን ደግሞ መጻፍ አንችልም።»

ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ እናቱ ጋ ደወለ። በሩን አልዘጋውም። አንድ ሴሚስተር እንደሚዘገይ፣ ቦታው እንደሚያመልጠው ነገራት። ሰላሟን፣ መድኃኒቷን፣ ጎረቤቷን ጠየቀ። ከዚያ ዝም ብሎ ሰማ። «አልታመምኩም፣ እማ» አለ። አሁንም ሰማ። «ማንም የለም» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በምን አወቅሽ?» ሲል ሰማሁት።

ተያይዘን ፕሮፌሰሯ ቢሮ ገባን። ሁሉንም የተናገረው እሱ ነው። እኔ መሃል ገብቼ ሁለቴ አረምኩት። ፕሮፌሰሯ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ። «ሁለታችሁም? እርስ በርስ?» ብለው ጠየቁ። አዎ አልን። ከአስራ ዘጠነኛው ጀምሮ ያሉት ሃያ ሁለት ፋይሎች ይሰረዛሉ፣ ሌሎች ሁለት ሰዎች እንደ አዲስ ያነቧቸዋል፣ ቢያንስ አራት ወር ይፈጃል አሉ። ቦታውን አንስተው፣ እርግጠኛ ነህ ወይ አሉት። ነኝ አለ።

የስረዛውን ቅጽ ከመሳቢያቸው አወጡ። ምክንያት ከሚለው ሥር ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለው። ድካም ብለህ ጻፍ፣ ማንም አይጠይቅህም አሉት። ዘንድሮ ሦስት ሰው ድካም ብሎ ጽፏል። ብዕር ተውሶ ጎንበስ አለ። ቶሎ አልጨረሰም። ሲጨርስ ቅጹን አዙሮ ወደኔ ገፋው፤ ሁለተኛዋ አንባቢም መፈረም አለባት። ከፊርማው ቦታ በላይ፣ ከላይ የሰፈረው እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ ይላል።

ከላይ የሰፈረው ይሄ ነው፦ «ሁለቱ አንባቢዎች ስለተዋደዱ ንባባቸው የየራሳቸው ሊሆን አልቻለም።»

እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ይቺን ቃል አልነገረኝም። እኔም አልነገርኩትም። ቀና ብዬ ሳየው አላየኝም፤ ብዕሩን ዘርግቶልኝ ይጠብቃል። ቦታውንም፣ እናቱ ጋ መሄዱንም የከፈለው ለዚህ አንድ መስመር ነው፣ እኔ እውነት ነው ልበል አልበል ሳያውቅ።

ፈረምኩ።

«ቀኑንም» አሉ ፕሮፌሰሯ።

ቀኑንም ጻፍኩ።