ክፈትልኝ እንጂ እዘለኝ አላልኩም

ንዴት ሰውን የሚያጣላ እንጂ የሚያገናኝ አይመስልም። እነዚህን ሁለት ሰዎች ያገናኛቸው ግን ንዴት ነው፤ ያውም የእሷ ንዴት።

ቤተሰቦቿ «እሳቷ» ይሏታል። ሕግ ተምራ በጥሩ ውጤት ተመርቃለች። የምትሠራው ግን በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ስልክ ማዞሪያ ላይ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ዓይነ ስውር ናት፤ ለዓይነ ስውር ስልክ ማንሳት ይስማማዋል ብለው የወሰኑ ሰዎች አሉ። እሷን የጠየቃት የለም። ቀኑን ሙሉ «የሕግ ክፍልን ያገናኙኝ» የሚሏትን ሰዎች ከሕግ ክፍል ጋር ስታገናኝ ትውላለች። ራሷን ማገናኘት ግን አልቻለችም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት የሕግ ባለሙያ እንደሚፈልግ ሰማች። ማመልከቻው የሚቀርበው የብዙ አሠሪዎችን ማመልከቻ በሚቀበል አንድ ድረ ገጽ ብቻ ነው። ከታላቅ ወንድሟ ጋር በምትኖርበት ቤት፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፗን ከፈተች። ስክሪን ላይ ያለውን ሁሉ በድምፅ የሚያነብላት ፕሮግራም አላት፤ መጽሐፉንም ጋዜጣውንም የምታነበው በእሱ ነው።

«ቁልፍ» አለ ድምፁ። ወደሚቀጥለው አለፈች። «ቁልፍ።» ቀጠለች። «ቁልፍ። ቁልፍ። ሥዕል። ቁልፍ።»

የምን ቁልፍ እንደሆነ የጻፈበት ሰው የለም። የቱ መላኪያ፣ የቱ መሰረዣ እንደሆነ በግምት እየነካካች፣ የጻፈችው ሁሉ እየጠፋባት እንደገና እየጀመረች፣ ምሳ ሰዓት ላይ የመጨረሻው ገጽ ደረሰች። ድምፁም በተረጋጋ አነጋገር፣ «ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ። ድልድይ የሚታይባቸውን ፎቶዎች ይምረጡ» አላት።

እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሳች። ደሟ ፈላ።

«አምጪው፣ እኔ ልሙላልሽ» አለ ወንድሟ ከሶፋው ላይ።

«አንተማ እንዳትነካው።»

ምክንያት አላት። ባለፈው እሱ በሞላላት ማመልከቻ ላይ፣ ሳይነግራት፣ «እህቴ ዓይነ ስውር ብትሆንም በጣም ጎበዝ ናት፤ እባካችሁ አስቡላት» የሚል ጨምሮበት ነበር። ይህን ያወቀችው ቃለ መጠይቅ ያደረገላት ሰውዬ ከንፈሩን ሲመጥላት ነው።

ድረ ገጹን ወደሚያስተዳድረው ድርጅት ደወለች። አንድ የደከመው የወንድ ድምፅ አነሳ። ችግሯን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችው።

«ይገባኛል» አለ ሰውዬው። «አጠገብዎ የሚያይ ሰው የለም?»

ቀስ ብላ፣ «እናንተ ጋ የሚያስብ ሰው የለም?» አለችው።

ይዘጋዋል ብላ ስትጠብቅ፣ «ድረ ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ። «ተረኛዋ ስለቀረች ነው እንጂ ስልክ ማንሳት ሥራዬ አይደለም።»

«ደግ ነው። ሰኞ እመጣለሁ፤ እንዴት እንደሚሞላ አንተው ራስህ ታሳየኛለህ።»

ከ«እናንተ» ወደ «አንተ» መውረዷን ሁለቱም ልብ አሉት።

ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ሄደች። ነጭ በትሯን እያንኳኳች ደረጃውን ወጥታ ቢሮው ስትገባ የወንበር ድምፅ ሰማች፤ ከዚያ የሚያደርገው የጠፋበት ሰው ትንፋሽ።

«ይቀመጡ፣ እዚህ ጋ ወንበር አለ።»

«መጀመሪያ አንተ ተቀመጥ። ስክሪኑን አጥፋው። ማውሱን ስጠኝ።»

ሰጣት። የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የሚያነበውን ድምፅ በእሱ ኮምፒውተር ላይ አስከፈተችውና፣ «በል፣ አሁን በገዛ ድረ ገጽህ ለሥራ አመልክት» አለችው።

«ቁልፍ» አለ ድምፁ። «ቁልፍ። ቁልፍ።»

ስሙን እንኳን የት እንደሚጽፍ ጠፋው። የገዛ ቤቱ በር ጠፍቶት ግድግዳ እንደሚዳብስ ሰው ሆነ። ጥቂት እንደተንፏቀቀ ገጹ «ጊዜዎ አልቋል» ብሎ ከመጀመሪያው መለሰው።

«እዚህ ላይ ደግሞ እጇ የሚንቀጠቀጥ የሥራ ባልደረባዬ ትባረራለች» አለች። «ስልክ ደውለን እናረጋግጣለን የምትሉት ላይ መስማት የማይችለው ይቀራል። ይሄን ሁሉ ሰው አንድ በአንድ ነው ያስወጣችሁት።»

አልተሟገተም። «ይቅርታ» አለ።

«ይቅርታህን ምን ላድርገው? አስተካክለው።»

«አስተካክለዋለሁ። ግን እስከ ረቡዕ አይደርስም።»

ማመልከቻው የሚዘጋው ረቡዕ ነው። በወረቀት እንዲቀበሏት ሊጠይቅ ወደ አለቃው፣ ወደ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ሄዶ ተመለሰ። «አንድም ዓይነ ስውር አመልክቶ ስለማያውቅ ለአንድ ሰው አሠራር አንቀይርም» ተብሏል።

«በሩን ዘግታችሁ፣ የሚገባ ሰው የለም ትላላችሁ» አለች። ማውሱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችለት። ይሁንና ንዴቷ ሥራ ፈላጊ ንዴት ነበር፤ ለመሞከሪያ እንዲሆነው የትምህርትና የሥራ ማስረጃዋን ላከችለት።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ስትወጣ ጎራ እያለች ያስተካከለውን ትሞክርለት ጀመር።

«እዚህ ጋ አሁንም ሥዕል ይላል። የምን ሥዕል ነው?»

«ፈገግ ያለች ሴት።»

«ምን ታደርጋለች?»

«ምንም። ፈገግ ብቻ ነው ያለችው።»

«እንግዲያው አንሳት። ሥራ ስትፈልግ ፈገግ የምትል ሴት አላውቅም።»

ሳቀ። ሲስቅ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው፤ ከሆዱ የሚወጣ፣ ለራሱም የሚያስገርመው ዓይነት ሳቅ። ንዴቷ ቦታ ሲለቅ ተሰማት። ለዚህም ተናደደች።

አንድ ቀን አመሻሽ መንገድ ሲሻገሩ ክንዷን ያዘና ጎተታት።

«እኔ ሻንጣ አይደለሁም» አለችው። «ክንድህን ስጠኝ። የምይዘው እኔ ነኝ።»

ሰጣት። መንገዱን ተሻግረውም አልለቀቀችውም፤ እሱም አላስታወሳትም። እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ እንደያዘችው ሄዱ። ስለ ዓይኗ ጠይቋት አያውቅም። ስለ ሕግ፣ ስለ ወንድሟ፣ ምን እንደሚያናድዳት ይጠይቃታል፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ይሰማል። እሱም «እርስዎ» ማለቱን ትቷል። እሷ በንዴት የጀመረችው «አንተ» ደግሞ ሳይታወቃት የፍቅር «አንተ» ሆኖ አገኘችው።

ታዲያ እንዲህ እያለች ሳለ ነው ከኢንሹራንስ ድርጅቱ የተደወለላት። ለቃለ መጠይቅ ትፈለጋለች።

«እኔ እኮ አላመለከትኩም» አለች።

«ማመልከቻዎ ምዝገባው ሳይዘጋ ረቡዕ ገብቷል» አለች ደዋይዋ።

ቀጥ ብላ ቢሮው ሄደች። ወንበር ስባ አልተቀመጠችም።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ማስረጃሽ እጄ ላይ ስለነበር ሞላሁት። ዕድሉ እንዳያመልጥሽ ብዬ ነው።»

«ድልድዮቹንስ?»

«መረጥኩልሽ።»

«ሰው መሆኔን አንተ አረጋገጥክልኝ።»

በትሯን ወለሉ ላይ መታች።

«ከወንድሜ በምን ትለያለህ? ክፈትልኝ አልኩህ እንጂ እዘለኝ አልኩህ?»

«ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለህ እኔኑ ዘለልከኝ» አለችና ወጣች።

ለኢንሹራንስ ድርጅቱ ደውላ ማመልከቻውን የላከችው እሷ እንዳልሆነች ተናገረች። ወንድሟ ጉድ አለ። «ሰው የመጣለትን ሲሳይ በእግሩ ይገፋል?» ብሎ ተቆጣ፤ ከዚያም አኮረፋት። እሷ ግን በነጋታው የመሥሪያ ቤቷ መታጠቢያ ክፍል ገብታ፣ ሰው እንዳይሰማት ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚሉት እውነት ነው። ሥራውን ፈልጋው ነበር። ሰውዬውንም ፈልጋው ነበር። ሁለቱንም በአንድ ቀን በገዛ አፏ እምቢ ማለቷ ነው ያቃጠላት።

እሱ ደጋግሞ ደወለ፤ አላነሳችም። በመጨረሻ፣ «አጥፍቻለሁ። ሥራውን ሳልጨርስ አልደውልም» ብሎ ጻፈላትና ዝም አለ። ዝምታው ከመደወሉ ይልቅ ከበዳት።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን የድረ ገጹ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ራሷ ደወለች። ማር በመሰለ አንደበት፣ «ድረ ገጻችን ለሁሉም ሰው ክፍት ሆኗል። አሠሪዎች የሚገኙበት ዝግጅት አለን፤ መድረክ ላይ ወጥተው ሁለት ቃል ቢናገሩልን» አለቻት።

ከመሄዷ በፊት ሞከረችው። የመጀመሪያው ገጽ «እንኳን ደህና መጡ» አላት። ቀጥሎ «ሥዕል» አለ።

«የምን ሥዕል ነው?» ብላ ወንድሟን ጠየቀችው።

«ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው። ከሥሩ 'ለሁሉም ክፍት' ይላል።»

ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈች። «ቁልፍ። ቁልፍ። ቁልፍ።»

ወንድሟ አጠገቧ ቆሞ ሰማ። ለመጀመሪያ ጊዜ ልሙላልሽ አላላትም። «እና ትሄጃለሽ?» አላት።

«እንዴታ።»

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። መድረክ ላይ ስትወጣ ተጨበጨበላት። ላፕቶፗን ከፍታ ማይክራፎኑን አስጠጋችለትና፣ «ከመናገሬ በፊት እስቲ ላመልክት» አለች።

«ቁልፍ» አለ ድምፁ በአዳራሹ ሙሉ። «ሥዕል። ቁልፍ። ቁልፍ።»

መጀመሪያ የሳቁ ነበሩ። እየቆየ ሳቁ ከሰመ። እሷ አልቸኮለችም፤ እሷ የቆየችውን ያህል እነሱም ይቆዩ ብላ ቀጠለች። በመጨረሻ ድምፁ፣ «ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ» አለ።

«ሕግ ተምሬያለሁ» አለች። «ማስረጃ ማቅረብ አውቃለሁ። ይሄን ግን ለማንም የማረጋገጥ ግዴታ የለብኝም።»

«ትንሽ የቴክኒክ ችግር ነው» አለች ሥራ አስኪያጇ እየተጣደፈች።

ከኋላ ወንበር ተንቀሳቀሰ። «የቴክኒክ ችግር አይደለም» አለ የምታውቀው ድምፅ። «የሠራሁት እኔ ነኝ። የተስተካከለውም ተጠናቆ ከተቀመጠ ቆይቷል። ይከፈት ባልኩ ቁጥር ሌላ ሥራ ይቅደም ተብያለሁ። ያንን 'ለሁሉም ክፍት' የሚል ምልክት ለጥፍ ስባል እምቢ ብያለሁ፤ ሌላ ሰው ነው የለጠፈው።»

«ውሻ እንኳን በበላበት ይጮኻል» አለች ሥራ አስኪያጇ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ ማይክራፎኑ ግን ሰማት።

«እኔም በበላሁበት ነው የምጮኸው» አለ።

የኢንሹራንስ ድርጅቱ የቅጥር ኃላፊ ተነሳች። የተስተካከለው እስኪከፈት ድረስ ድርጅቷ በዚህ ድረ ገጽ ሰው እንደማይቀጥር ተናገረች። ሌሎችም ተከተሉ።

ከመድረክ ስትወርድ ከታች ቆሞ ነበር። አልያዛትም፤ ስሟን ብቻ ጠራ።

«አሁንም ተናድጄብሃለሁ» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«በጣም።»

«አውቃለሁ።»

በትሯን እያንኳኳች ብቻዋን ሄደች። ልቧ ግን ከእግሯ ቀድሞ ቆሞ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ መልእክት ደረሳት፦ «ተከፍቷል። ያንቺን ማመልከቻ አልነካሁም።»

የኢንሹራንስ ድርጅቱ ሌላ የሕግ ባለሙያ ይፈልግ ነበር። ተቀመጠችና አመለከተች። ድምፁ «ስም»፣ «የትምህርት ደረጃ»፣ «ላክ» እያለ በሥርዓቱ መራት። ድልድይ ምረጪ ያላት የለም። ወንድሟ ሶፋው ላይ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። «ማመልከቻዎ ደርሶናል» ሲላት ሻይዋ ገና ትኩስ ነበር።

ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። ከንፈር የመጠጠላት የለም፤ አስጨንቀው ጠየቋት። ከዚያ ውጤቱ መጣ፤ አልተቀበሏትም። ስልኳን አንስታ እሱ ጋ ደወለች።

«ጣሉኝ።»

«በምን ምክንያት?» ድምፁ ውስጥ ጠብ ነበረ።

«የበለጠ ልምድ ያለው ሰው አግኝተው» አለችና ሳታስበው ሳቀች። «እንደ ማንኛውም ሰው ተሸነፍኩ። እንዴት እንደሚያናድድ ብታውቅ።»

«ልምጣ?» አለ።

«መጥተህ ምን ታደርጋለህ?»

«አብረን እንናደዳለን።»

«ና» አለችው።

ያን ቀን ከወንድሟ ጋር ተዋወቀ። «እሳት ነው የምታቅፈው፤ ኋላ ሳትነግረኝ እንዳትል» አለው ወንድሟ። «ያወቅኳት ስትነድ ነው» አለ እሱ።

እሱ ከዚያ ድርጅት ተባርሮ ሌላ ቦታ ገባ። እሷ በዚያው ድረ ገጽ ደጋግማ አመልክታ በአንድ ባንክ የሕግ ክፍል ተቀጠረች፤ አሁን ስልኩን ሌላ ሰው ነው የሚያገናኝላት።

ጋብቻቸውን ሊያስመዘግቡ የሄዱ ዕለት መዝጋቢዋ ወረቀቱን ዘርግታ ወደ እሱ፣ «መፈረም ትችላለች?» አለችው።

አየር ሲስብ ሰማችው። ከዚያ አፉን ገጠመ።

«ጌታዬ፣ ትፈርማለች ወይ?»

አሁንም ዝም። ሰው ሁሉ እስኪጨንቀው ድረስ ዝም አለ። በሕይወቷ ብዙ ሰዎች ስለ እሷ ተናግረዋል፤ ስለ እሷ ዝም ያለ ሰው ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። በመጨረሻ የመዝጋቢዋ ወንበር ወደ እሷ ሲዞር ተሰማት።

«ይቅርታ እመቤቴ፣ የሚፈርሙበትን ላሳይዎት?»

«ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጊልኝ፤ ሌላውን አውቃለሁ።»

ፈረመች። ከዚያ ብዕሩን ወደ እሱ ዘረጋችና፣ «በል» አለችው፣ «የራስህን ብቻ ፈርም።»